የአሥራ አንድ ቀን ደጅ ጥናት፦ ኦክላሆማ ላይ የተለቀቀው ሕግና የገንዘቡ መንገድ

ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማመልከቻውን ዝናብ እንዳያበሰብሰው በፌስታል ጠቅልሎ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን መልስ ለሦስተኛ ቀን ከበር ላይ ቆሞ የሚሰማ ባለጉዳይ በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይም የደጅ ጥናት ጉዳይ ነው። የተፈጸመው ግን በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ ደጅ ጠኚዎቹም የቆሙት ስለ ራሳቸው ጉዳይ ሳይሆን፣ አብዛኞቹ ረግጠውት በማያውቁት አገር ሕፃናትን እየነጠቀ ወታደር የሚያደርግ ታጣቂ ቡድንን ለመግታትና ያፈረሰውን ለመጠገን መንግሥታቸው ገንዘብ እንዲመድብ ነው። ጅማ ውስጥ አስተዳደርና ልማት ለሚማሩ ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሳቀርብ ቆይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ግማሹ ነው፤ ወጣቶቹ ቆሙ፣ ሴናተሩ ለዘበ፣ ሕጉ ጸደቀ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ግማሽ ነው፤ ሕጉ ሲጸድቅ ገንዘቡ ምን ሆነ? ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑ ኤል አር ኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው «የጌታ ተቃውሞ ሠራዊት» ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ በሰሜን ኡጋንዳ በአቾሊ ሕዝብ መካከል የተነሣ ሲሆን መሪው ጆሴፍ ኮኒ ነው። የሕዝብ ድጋፍ ሲርቀው ሠራዊቱን በጠለፋ መሙላት ጀመረ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ከካርቱም መንግሥት መሣሪያና መጠለያ ያገኝ ነበር። በጉሉና በኪትጉም ዙሪያ ያሉ ሕፃናት እንዳይጠለፉ በየምሽቱ ከመንደራቸው ወደ ከተማ እየተጓዙ በቤተ ክርስቲያን አጸድና በሱቅ በረንዳ ያድሩ ነበር። ጦርነቱ እጅግ በከፋበት ወቅት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው በመጠለያ ካምፖች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2005 በኮኒና በአራት አዛዦቹ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ፤ ከ2006 እስከ 2008 በጁባ የተካሄደው የሰላም ድርድርም ኮኒ ለመፈረም ባለመቅረቡ ከሸፈ።

በዲሴምበር 2008 የኡጋንዳ ጦር በአሜሪካ የዕቅድና የነዳጅ ድጋፍ በኮንጎ ጋራምባ ጫካ ያለውን የቡድኑን ሰፈር ደበደበ። ኮኒ አመለጠ። ታጣቂዎቹ ተበታትነው በገና ሰሞን በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ መንደሮች ላይ የበቀል እጃቸውን ዘረጉ፤ በሳምንታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 2009፣ በማኮምቦ አካባቢ በአራት ቀናት ከ300 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ ስፍራው እጅግ ሩቅ በመሆኑ ዓለም ነገሩን በዝርዝር የሰማው ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ይህን ቀን አንባቢው ልብ እንዲል እፈልጋለሁ፤ ማኮምቦ በደም ስትታጠብ፣ ግድያውን ለመግታት ታስቦ የተጻፈው የሕግ ረቂቅ ዋሺንግተን ውስጥ በአንድ ሰው ተቃውሞ ቆሞ ነበርና።

ረቂቁ በሜይ 2009 የቀረበው በዲሞክራቱ ሴናተር ረስ ፋይንጎልድና በሪፐብሊካኑ ሳም ብራውንባክ ነው። ከጀርባው ሪዞልቭ፣ ኢንቪዚብል ችልድረንና ኢናፍ ፕሮጀክት የተባሉ ሦስት ድርጅቶች ነበሩ። ኢንቪዚብል ችልድረን በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት ፊልም እያሳየ ወጣቶችን ያሰባስባል፤ ሪዞልቭ ደግሞ የሕጉን ቃላት፣ የኮሚቴውን ሠንጠረዥና የየሴናተሩን አቋም ይከታተላል። አንዱ ሰው ያመጣል፣ ሌላው በሩን ያውቃል ማለት ነው። በጁን 2009 ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ዋሺንግተን ገብተው የየግዛታቸውን ተመራጮች ቢሮ አንኳኩ። ከዚያ በኋላ የረቂቁ ደጋፊዎች ቁጥር እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ከ60 በላይ ሴናተሮችና ከ200 ያላነሱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ስማቸውን አኖሩበት። አፍሪካን ለሚመለከት ሕግ ይህን ያህል ደጋፊ ማግኘት በጣም ያልተለመደ ነው።

ረቂቁ ሦስት ነገሮችን ይዟል። ፕሬዚዳንቱ ሕጉ በጸደቀ በ180 ቀናት ውስጥ ኤል አር ኤን ለመግታትና ሲቪሎችን ለመጠበቅ የሚያስችል ስልት ለምክር ቤቱ እንዲያቀርቡ ያዛል። በኮንጎ፣ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክና በደቡብ ሱዳን ለተጎዱ ሰዎች በ2011 የበጀት ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ይጠይቃል። በሰሜን ኡጋንዳ ደግሞ ለፍትሕና ለዕርቅ ሥራ ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ይላል። በድምሩ 40 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። የገንዘብ ሥርዓታቸውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ ገንዘብ በሁለት ቁልፍ ይከፈታል። አንድ ሕግ በመጀመሪያ ወጪውን ይፈቅዳል፤ ከዚያም በሌላ ሕግ የዓመቱ በጀት ሲደለደል ገንዘቡ በእርግጥ ይመደባል። የመጀመሪያው ቁልፍ ብቻውን ሳጥኑን አይከፍትም፤ ያለ እርሱ ግን ሁለተኛውን ለማዞር የሚደፍር አይገኝም።

በኖቬምበር 2009 ረቂቁ የሴኔቱን የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አለፈ። ሴኔቱ ብዙ ተቃውሞ የማይነሣባቸውን ሕጎች የሚያጸድቀው ያለ ድምፅ ቆጠራ፣ «የሚቃወም አለ?» ተብሎ ዝም ሲባል ነው። አንድ ሴናተር ብቻ «አለሁ» ካለ ግን ረቂቁ ለቀናት ክርክር የሚጠይቅ ጉዳይ ይሆናል፤ በተጣበበ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ ደግሞ ያን ያህል ቀን ለአፍሪካ የሚሰጥ የለም። ያ ሰው የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ቶም ኮበርን ሆነ። ኮበርን ጨካኝ ሰው አልነበረም። ሐኪም ነበር፤ በሙያ ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን አዋልዷል። የኤል አር ኤን ግፍ አልካደም፤ ሕጉ ለምን እንደተጻፈም አልተቃወመም። ያነሣው ጥያቄ የገንዘብ ነበር፦ መንግሥት በዕዳ ተዘፍቆ ሳለ አዲስ ወጪ የሚፈቅድ ሁሉ ያንኑ ያህል ከሌላ ቦታ ይቀንስ። ይህ አቋሙ ለሁሉም ሕግ አንድ ዓይነት በመሆኑ ባልደረቦቹ «ዶክተር እምቢ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

ከዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ለትምህርት የሚሆነው። ከ60 በላይ ሴናተሮች «አዎ» ያሉበት ነገር በአንድ ሰው ሲቆም፣ ሌላ 1,500 ሰው ዋሺንግተን ማምጣት ምንም አይጨምርም። ሴናተር የሚሰማው የመረጠውን ሕዝብ ነው፤ የካሊፎርኒያ ተማሪ ቢያለቅስ የኦክላሆማ ሴናተር ወንበሩ አይነቃነቅም። ስለዚህ ዘመቻው አገሩን ሁሉ ትቶ ወደ አንድ ከተማ፣ ወደ አንድ ሕንፃ መግቢያ ተሰበሰበ። በፌብሩዋሪ 2010 መጨረሻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች በኦክላሆማ ሲቲ ከሚገኘው የኮበርን ቢሮ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ብርድ ልብሳቸውን አነጠፉ። ቀንም ሌሊትም ከዚያ አልተነሡም። የዚያ አገር ክረምት ገና አልወጣም ነበር፤ ከሲሚንቶ ላይ በመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ ማደር ምን እንደሆነ ለማወቅ በሐምሌ ጅማ መናኸሪያ አንድ ሌሊት ማሳለፍ ይበቃል። ሌሎች ደግሞ ከየግዛቱ ስልክ ይደውላሉ፤ የኦክላሆማ ነዋሪዎች የመራጭነታቸውን ስም ይዘው ለቢሮው ይናገራሉ።

ይህን ለተማሪዎቼ ስተርክ አንድ ነገር ደጋግሜ አሳስባለሁ። እኛ ደጅ ጥናት የምንለው ልመና ነው፤ ሰውየው ቢፈልግ ያያችኋል፣ ባይፈልግ አያያችሁም፣ ለምን አላየኝም ብሎ የሚጠይቅም የለም። እነዚያ ወጣቶች ግን ኮበርንን አልተለማመጡትም፤ አልሰደቡትምም። ጥያቄያቸው የተወሰነ ነበር፦ ረቂቁን ልቀቅ፤ በገንዘቡ ካልተስማማህ እንነጋገር። በአደባባይ ቆመው፣ በውስጥ ደግሞ የሕጉን ቃላት የሚያውቁ ሰዎች ከሴናተሩ ረዳቶችና ከፋይንጎልድ ቢሮ ጋር ስለ አንቀጾቹ ይነጋገሩ ነበር። በር ላይ የቆመው ሰው ውስጥ ለሚነጋገረው ጊዜ ገዛለት፤ ውስጥ የሚነጋገረው ባይኖር ኖሮ በር ላይ የቆመው ከቲቪ ምስል አያልፍም ነበር።

በ11ኛው ቀን፣ ማርች 9፣ ስምምነት ተደረሰ። በማግስቱ ሴኔቱ ረቂቁን ያለ ተቃውሞ አጸደቀ። የተወካዮች ምክር ቤት በሜይ 12 ተከተለ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም በሜይ 24 ቀን 2010 ፈረሙበት። በእግረኛው መንገድ ላይ ላደሩት ያ ቀን ታላቅ ቀን ነበር፤ ይገባቸዋልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ ልምጣ። የጸደቀውን ሕግ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው 40 ሚሊዮኑ አሁንም እንዳለ ያያል፤ ግስ ግን ተለውጧል። በረቂቁ ገንዘቡ «ተፈቅዷል» ይል ነበር። በጸደቀው ሕግ መጨረሻ አካባቢ ያለው አንቀጽ ደግሞ የኮንግረሱን ሐሳብ የሚገልጽ ነው፦ በየዓመቱ ለውጭ ጉዳይና ለውጭ እርዳታ ከሚመደበው ጠቅላላ ገንዘብ ውስጥ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ለዚህ ሥራ ሊውል ይገባል ይላል። «ሊውል ይገባል» እና «እስከ»። አዲስ ወጪ አልተፈቀደም፤ ካለው ውስጥ ቢወሰድ መልካም ነው ተባለ እንጂ። የኮበርን መርህ ሳይነካ ቀረ፣ የዘመቻው ሕግም ጸደቀ። አስገዳጅ ሆኖ የቀረው በዋናነት ስልቱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በ180 ቀን ውስጥ ዕቅድ ማቅረብ አለባቸው፣ ዕቅዱም በኖቬምበር 2010 ቀረበ።

እነዚያ ሰዎች ይህን ስምምነት መቀበል አልነበረባቸውም የሚል ሐሳብ የለኝም። ማኮምቦ ከተጨፈጨፈች ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር፤ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሰው ገንዘብ ፍለጋ ደጅ ጠንቶ ሐሳብ ተቀብሎ ከተመለሰ፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ በማግስቱ ማሰብ ይኖርበታል። በዚህ ጉዳይ ገንዘቡ በእርግጥ መጣ። የመጣው ግን በሌላ በር ነው።

በኦክቶበር 2011 ኦባማ ወደ 100 የሚጠጉ ወታደራዊ አማካሪዎችን ወደ ማዕከላዊ አፍሪካ እንደላኩ ለኮንግረስ በደብዳቤ አሳወቁ፤ በደብዳቤውም ያንን የ2010 ሕግ ጠቀሱ። አማካሪዎቹ ራሳቸውን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዲዋጉ አልተፈቀደላቸውም፤ ሥራቸው የኡጋንዳንና የሌሎቹን አገሮች ጦር በመረጃና በዕቅድ ማገዝ ነበር። ለ2012 የወጣው የመከላከያ ሕግ ይህን ዘመቻ ለሚያካሂዱ የአካባቢው ኃይሎች በዓመት እስከ 35 ሚሊዮን ዶላር ለሎጂስቲክስ እንዲውል ፈቀደ። እዚህ ላይ ግሱ «ፈቀደ» ነው። በ2014 ጣሪያው ወደ 50 ሚሊዮን ከፍ አለ። ዘመቻው በ2017 እስኪዘጋ ድረስ በወቅቱ በተዘገበው መሠረት በጠቅላላው ወደ 780 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። 40 ሚሊዮኑን ለዕርቅ፣ ለፍትሕና ለተፈናቃይ ለመፍቀድ ማካካሻ የጠየቀው ያው ምክር ቤት ለአውሮፕላንና ለነዳጅ ከሱ ወደ ሃያ እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ሲያወጣ በር ላይ ማንም ማደር አላስፈለገውም። በዚህ የአሜሪካን ሕግ ብቻ አልወቅስም፤ በየትኛውም አገር የመከላከያ ሣጥን ከሌሎቹ ቶሎ ይከፈታል።

ወታደራዊው ገንዘብ ከንቱ ነበር ማለትም አልችልም። ከ2011 በኋላ የኤል አር ኤ ግድያና ጠለፋ በእጅጉ ቀነሰ። ከሁሉ በላይ ውጤት ያመጣው ግን ጥይት አልነበረም፤ በራሪ ወረቀቶች፣ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች፣ ከሄሊኮፕተር በድምፅ ማጉያ የሚሰራጩ የቀድሞ ታጣቂዎች መልእክቶች ነበሩ፦ «እኔ ወጥቻለሁ፣ አልገደሉኝም፣ አንተም ውጣ።» በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ በገዳማትና በመንደሮች የተተከሉ ሬዲዮኖች ታጣቂ የታየበትን ቦታ በየጠዋቱ ለጎረቤት መንደር ያሳውቁ ነበር። አዛዡ ዶሚኒክ ኦንግዌን በጃንዋሪ 2015 እጁን ሰጠ፤ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2021 በ61 ወንጀሎች ጥፋተኛ ብሎ 25 ዓመት ፈረደበት። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ የተጠለፈ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤትም በኖቬምበር 2011 አዲስ አበባ ተሰብስቦ ለአካባቢው የጋራ ኃይል ፈቃድ ሰጥቷል፤ ዘመቻው የአሜሪካ ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ይህን ይዘነጋል።

በሌላ በኩል የአቾሊ የሃይማኖት መሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስጠነቀቁት ነገር አለ። የኮኒ ጦር የተጠለፉ ልጆቻችን ናቸው፤ በእነሱ ላይ የሚዘንብ ቦምብ በልጆቻችን ላይ የሚዘንብ ነው ይሉ ነበር። ኡጋንዳ በ2000 ያወጣችው የምሕረት ሕግ እንዲወጣ ሲሟገቱ የኖሩትም እነሱ ናቸው። በመዋቅር ረገድ የዘመቻው ዋና ድክመት ይህ ይመስለኛል፤ ገንዘቡን የሚጠይቁት ኦክላሆማ ነበሩ፣ ገንዘቡ የሚወርድባቸው ግን ጉሉና ኦቦ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2017 ባወጣው ዘገባ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ኦቦ ከተማ የሰፈሩ የኡጋንዳ ወታደሮች ሴቶችንና ልጃገረዶችን እንደደፈሩና እንደበዘበዙ ገልጿል። በኦክላሆማ ብርድ ያደረ አንድም ሰው ይህ እንዲሆን አልፈለገም። ሆኖም ገንዘቡ በየት በር እንደሚወጣ የሚቆጣጠር በሌለበት፣ ከገንዘቡ ጋር ማን እንደሚሄድ የሚቆጣጠርም አይኖርም።

ባለፈው ዓመት ይህን ጉዳይ ተወያይተን ስንጨርስ ከጋምቤላ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች እንደተገደሉና ከ100 በላይ ሕፃናት እንደተወሰዱ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ አገሪቱ ሁለት ቀን ሐዘን ተቀምጣለች። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። «መምህር፣ የእርስዎ ኦክላሆማ ገባኝ» አለች። «እኛ ግን በዚያ ሚያዝያ የማንን በር ነበር የምናንኳኳው? የተመለሱት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ፣ ያልተመለሱት እንዲፈለጉ፣ ድንበሩ ላይ ሬዲዮ እንዲተከል የሚያዝዘው የትኛው በጀት ነው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ አመኔታ ያጣ ተመራጭን መራጩ እንዲያነሣ ይፈቅዳል። የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅም በቀደመው ሕግ ተዘግቶ የነበረውን የመሟገቻ በር ከፍቷል። መብቱ አለ። የፌዴራል በጀት ረቂቅ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ይጸድቃል፤ ነገር ግን በሰኔ የሚቀርበው ረቂቅ በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘጋጀው ከዚያ ከወራት በፊት ነው። በሰኔ ምክር ቤቱ በር ላይ የቆመ ሰው ያለቀ ነገር ላይ ቆሟል። የክልሉ ድርሻ በድጎማ ይመጣል፤ ድንበር ጥበቃው የፌዴራል መከላከያ ነው፤ የተፈናቃዩ እህል በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ይሄዳል፤ የተመለሰ ልጅ ትምህርትና የሥነ ልቦና እርዳታ ደግሞ በክልሉ ትምህርትና ጤና ቢሮ ላይ ይወድቃል። አራት በር ነው። ለአራቱም አንድ ማመልከቻ መጻፍ ለአንዱም እንደ አለመጻፍ ይቆጠራል።

በቀጣዩ ሳምንት ተማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ለአንድ በር ብቻ የሚሆን የአንድ ገጽ አቤቱታ ይዘው መጡ። አንድ ጥብቅ ደንብ ሰጥቻቸው ነበር፦ «ትኩረት እንዲሰጥ» የሚል ሐረግ የትም ገጽ ላይ እንዳይገኝ፤ በምትኩ ማን፣ ከየትኛው የበጀት ርዕስ፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚል ይጻፍ። ከአራቱ ሦስቱ ደንቡን ጥሰው መጡ። ያልጣሰችው እሷ ነበረች፤ አቤቱታዋ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ሲሆን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጠለፋ ለተመለሱ ሕፃናት በዞኑ ውስጥ ሁለት የሠለጠኑ አማካሪ መምህራን በቋሚ መደብ እንዲቀጠሩ፣ ደመወዛቸውም በመደበኛ በጀት እንዲያዝ። ገጹን ሳነብ «ሊቀጠሩ ይገባል» የሚለውን ሠርዛ በብዕር «ይቀጠሩ» ብላ እንደጻፈችው አየሁ።